ለሚመለከተው ሁሉ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጋይንት ገብቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አገር ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ የታወቀ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ። ነፋስ መውጫ ከአውቶቡስ ከወረድኩ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ አምስት ሰው መጣ። አንዱ ለዘበኝነት፣ አንዷ ለጽዳት ሥራ፣ አንዱ ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር ለመዛወር፣ አንዱ ደግሞ ለልጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ። አምስተኛው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እናቴ ቡናዋን እያፈላች «ምን ገደደህ? አንዲት ወረቀት ጫር ብታደርግላቸው ምርቃቱ ይሻልሃል» ትለኛለች። እኔም ወረቀት አነሳና ሁልጊዜ የምጀምረው በእነዚያው ሁለት ቃላት ነው፤ «ለሚመለከተው ሁሉ»።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ከነዚህ ሁለት ቃላት የመነጨ ነው። ለመሆኑ ይመለከተዋል የተባለው ማን ነው? ስለ ሌላ ሰው ደብዳቤ ስንጽፍስ ምን እያደረግን ነው? እየረዳን ነው ወይስ እየመሰከርን? ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። የሚረዳ ሰው «ይህ ሰው ምን ቸገረው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመሰክር ሰው ግን «እኔ ምን አየሁ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። «የድጋፍ ደብዳቤ» የሚለው ስሙ ራሱ ወደ አንዱ ያዘነበለ ነው። ድጋፍ ለዘመመ ግድግዳ የሚቆም ባላ ነው፤ ባላ ደግሞ ስለ ግድግዳው አንዳች የሚናገረው ነገር የለም።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ውሰዱ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ጦር ወደ ሕንድ ይዟቸው ሄደ፤ ሁለት ኮሎኔሎች ተራ በተራ አሳደጓቸው፣ የትምህርት ቤት ወጪያቸውንም ቻሉላቸው። ይህ ድጋፍ ነው። ላሆር በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ሲመረቁ ግን ትምህርቱን ማንም ኮሎኔል አልተማረላቸውም። ገንዘቡ ድጋፍ ነበር፤ ዲፕሎማው ደግሞ ምስክር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ እየተለያዩ ቆመው ይታያሉ፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን ተደባልቀዋል።

ይህን ጥያቄ ጋይንት ቁጭ ብሎ ማንሳት ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው፤ ጋይንት የምስክር አገር ናትና። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ድጓ ተምሮ «አወቅሁ» ያለ ተማሪ የሚመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነም እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ። ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፣ ከሸዋ ይምጣ ከትግራይ፣ መጀመሪያ የትም ይማር የት፣ የሚመሰክርበት ቦታ የታወቀ ነው። የሰፈራችን የኔታ በወጣትነታቸው ቤተልሔም የከረሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ እንዲህ አልኳቸው፤

«የኔታ፣ እርስዎ ሲመሰክሩ ወረቀት ሰጡዎት?»

ሳቁ። «ምን ወረቀት አመጣህ ልጄ! ዘለቅሁት እኮ። ከዮሐንስ ጀምሬ እስከ መጨረሻው መምህሩ ፊት ዘለቅሁት። በእጄ የጻፍኩትን ድጓ ደግሞ ምልክቱን እያዩ አረሙት። ስስት ዝም ብለው ያዩኛል፤ ከዚያ ‹ተመለስ› ነው። ይኸው ነው።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?»

«እኔማ ደካማ ነበርኩ፤ ሦስት ክረምት።»

ደካማ ነበርኩ! ጓደኞቼ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ የድጋፍ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፤ ጽፌአለሁም። «አመልካቹ ደካማ ነበር፣ ሦስት ክረምት ፈጀበት፣ በመጨረሻ ግን ዘለቀው» የሚል ግን አንድም አላየሁም። የእኛ አመልካቾች ሁሉ ከእናታቸው ሆድ ጎበዝ ሆነው የወጡ ናቸው።

ያን ዘመን ላሞግስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ በልመና ሲኖር ውሻ እየነከሰው፣ በረሃብና በበሽታ እያለቀ ነው የተማረው። ሴት ልጅ ደግሞ ከዚያ ጉባኤ በር ላይ እንኳ ብዙም አልታየችም። ደግሞም መምህሩ ጥቂት ተማሪ ይዘው ዓመታት ነበራቸው። የእኛ መምህር በአንድ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ያስተምራል፤ ስማችንን ቀርቶ መልካችንን አያውቀውም። ይህን ሰው «መስክርልኝ» ማለት በገበያ መሐል ያለፈን ሰው «የአባቴን ስም ንገረኝ» እንደ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ከየኔታ ወስጃለሁ፤ ምስክርነት ጊዜ ነው። የሚመሰክር ሰው ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቢሮው ቋንቋ ልምጣ። በ1967 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የገበሬ ማኅበራትና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ የአገራችን ሰው ኑሮው ከቀበሌ ደብዳቤ ጋር ተሳስሯል። መንግሥት ተለወጠ፤ ማኅተሙ ተለወጠ፤ ደብዳቤው ግን ያው ነው። «ግለሰቡ የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ ፀባየ መልካምና ታታሪ መሆናቸውን እያረጋገጥን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን።» እስቲ ግሡን ተመልከቱት፤ «እያረጋገጥን»። እኛ ማን ነን? ማን ነው ያረጋገጠው? በምን? ጸሐፊዋ ባለፈው ወር ከጻፈችው ላይ ስሙን ብቻ ለውጣ ገለበጠችው፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሊገባ ሲል በጉልበቱ ላይ ፈረመው፤ ማኅተሙ ተመታ። «እኛ» የሚባለው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

የእኛ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በደብዳቤ አይገባም። ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ፈተናና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ነው። ነገር ግን ፈተናም ምስክር ነው፤ ሊዋሽም ይችላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ብዙ ሰው ስለ ተማሪው ስንፍና አወራ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ቀደሙት ዓመታት ነው። በየክፍሉ ስንኮራረጅ፣ ፈታኙ ፊቱን ሲያዞር፣ ሁላችንም እርስ በርሳችን የድጋፍ ደብዳቤ ስንጻጻፍ ኖረናል ማለት ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፤ የሒሳብ መልስ ሰጥቻለሁ፣ የባዮሎጂ ተቀብያለሁ።

ደብዳቤ ዋና ነገር የሚሆነው ሰው ሥራ ሲቀጠር፣ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን ላኪ መሥሪያ ቤት ሲፈልግ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ውጭ አገር ሲያመለክት ነው። ፈረንጅ ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ያውም አመልካቹን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው። ጓደኛዬ የመጣብኝ በዚህ ነው።

ጓደኛዬ ነርስ ነው። ከሦስቱ ወረዳዎች በአንዱ፣ መኪና በክረምት በማይገባበት ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቷል። አሁን ውጭ አገር ሕክምና ለመማር የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሊያመለክት ነው። ድሮ ያስተማረውን አንድ መምህር ደብዳቤ ቢለምነው «ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ» አለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ በዚህ ግቢ ካለ እጁን ያውጣ! ጓደኛዬ ደግሞ እንግሊዝኛው አይሆንለትም፤ ለእኔ አመጣው። እኔም ጻፍኩ። «ይህን ተማሪ በቅርብ አውቀዋለሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ እውነት ነው፣ አውቀዋለሁ፤ የሚፈርመው ግን እኔ አይደለሁም። «ርኅሩኅ ነው» አልኩ። እውነት ነው። «ትጉህ ነው» አልኩ። ይሁን። «በሕሙማን አያያዝ ረገድ እጅግ ጥንቁቅና ፍጹም ታማኝ ነው» ስል ብዕሬ አልቆመችም። መቆም ነበረባት።

ምክንያቱም አንድ ነገር አውቃለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ማግሥት፣ እሱና እኔ ብቻችንን ስንጫወት፣ ለአንድ ሕፃን ያለ መጠኑ መድኃኒት ሰጥቶ እንደነበር ነግሮኛል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲሰቃይ አድሮ ተረፈ። ጓደኛዬ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር አልተነሳም። መዝገቡ ላይ ግን ትክክለኛውን መጠን ነው የጻፈው። ይህን ሲነግረኝ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳያነብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳይናገር እንደማይሰጥም አጫውቶኛል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ጥንቁቅ» የሚለው ቃል ዛሬ ስለ እሱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ብዙ ከማያውቁት ጥንቁቆች ይልቅ እሱ ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ፍጹም ታማኝ» የሚለው ግን መዝገቡ እያለ እንዴት ይባላል? እውነተኛው ምስክርነት ይህ ነበር፤ «ተሳስቷል፣ ደብቋል፣ አልቅሷል፣ ከዚያም ተለውጧል።» እኔ ብታመም ይህ የተጻፈለት ሰው ቢያክመኝ እመርጣለሁ። ነገር ግን ሁሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚባልበት ገበያ ይህ ደብዳቤ ስም ማጥፋት ሆኖ ነው የሚነበበው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ቅርጫት ይገባል። አያቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበር፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ቃላት ተሸርፈው ተሸርፈው እንኳ ሙሉ ናቸው ተብለው ይሻገራሉ፤ ስለዚህ ሙሉውን ይዞ የመጣ ሰው ነው የሚከስረው።

ሌላም ጣጣ አለ። የነገረኝ በጓደኝነት ነው። የወዳጅ ምሥጢር ለማላውቀው ኮሚቴ አውጥቶ መስጠት ምን ዓይነት ሐቀኝነት ነው? አልሰጥም። አለመናገር ግን አንድ ነገር ነው፤ ተቃራኒውን መናገር ሌላ ነው። እኔ ዝም አላልኩም፤ «ፍጹም» የሚል ቃል ጨመርኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምርልኝ ብዬ።

መምህሩ ሳያነብ ፈረመው ብሎ ነገረኝ። አሁን ውሸቱ የማን ነው? እኔ ጻፍኩ እንጂ አልፈረምኩም። መምህሩ ፈረመ እንጂ አልጻፈም፤ ምንም አያውቅም። ጓደኛዬ አልጻፈም፣ አልፈረመም፤ አደረሰ ብቻ። ሦስታችንም ብንጠየቅ እጃችን ንጹሕ ነው። ውሸቱ ግን እዚያ ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ባለቤት የሌለው ውሸት! የቀበሌው «እኛ» እዚህም አለ። እኔ እስካሁን ውሸትን የማውቀው አንድ ሰው በአንድ ሰው ፊት የሚናገረው ነገር አድርጌ ነበር፤ ለካ ለሦስት ተከፍሎ ለማንም የማይከብድ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ጭነት ይመስል።

ዶርም ተመልሼ ይህን ባነሳ አንድ የስማዳ ልጅ ተቆጣኝ። «አንተ ለጨዋታ ትፈላሰፋለህ» አለኝ። «የባለሥልጣን ልጅ ደብዳቤ አጥቶ ያውቃል? አጎቱ ይደውልለታል እንጂ ደብዳቤም አያስፈልገው። የእኛ ሰው ያለው አንድ መሣሪያ ወረቀት ነው። እሱንም አንተ በሕሊና ሚዛን ልትመዝንበት ነው? ጻፍለት! አሳምረህ ጻፍለት!»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። እውነት አለው። ከስማዳ ቆላ ወጥቶ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር አንድ መስመር ላይ አይነሳም። ነገር ግን የስማዳው ልጅ ክርክር እዚያው ስማዳ ላይ ነው የሚሰበረው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የሚናገረው ባልንጀራን ስለሚጎዳ ምስክርነት ነው። ብዙዎቻችን ስለዚህ «በሰው ላይ ካልሆነ፣ ለሰው ከሆነ ምን አለበት?» እንላለን። ባልንጀራው ግን ማን ነው? ለአንዱ በሐሰት ስመሰክር፣ በዚያች አንዲት ቦታ ላይ ዓይኑን የጣለ፣ ስሙን የማላውቀው ሌላ ደሃ አለ፤ በእሱ ላይ መሰከርኩ። ደግሞም ከስማዳ ቆላ በቃሬዛ ተይዛ፣ አራት ሰው እየተቀባበለ ያወጣት ምጥ የያዛት ሴት አለች። የአዲስ አበባ ሀብታም ሐኪም ይመርጣል። እሷ አትመርጥም፤ የደረሰላትን ነው የምትይዘው። ያ ሐኪም የማን ደብዳቤ ይዞ እንደገባ አትጠይቅም። «የሚመለከተው» እሷን ነው። ደብዳቤው ግን ለእሷ አልተጻፈም።

ታዲያ አለመጻፍ ነው? አይደለም። ከአምስቱ መሐል ያቺን የእስቴዋን ልጅ ላንሳ። ለጽዳት ሥራ ያመለከተችው እሷ ናት። የቀበሌ ደብዳቤ ይዛለች፤ ፀባየ መልካም፣ ታታሪ። «አንቺ፣ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ታታሪ» ብዬ ጽፌ አሰናብታት ነበር። ያን ቀን ግን የየኔታ ነገር ሰውነቴ ውስጥ ነበረና ቁጭ አልኩ። ቡና ተፈላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ላይ ነው የወጣው፤ ከመካነ ኢየሱስ ትምህርቷን አቋርጣ ከመጣች ጀምሮ የእናቷን የጠላ ቤት ሒሳብ አራት ዓመት በደብተር የያዘችው እሷ ናት። ማን ምን ያህል እንደጠጣ፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ። ደብተሩን አስመጣሁት። አየሁት። ገጽ አልተቀደደም፤ የተሰረዘው ሁሉ ከጎኑ ምክንያቱ ተጽፏል። «ይህ እኮ ሥራ ነው!» ብላት «ጠላ እኮ ነው» አለችኝ።

«ፀባየ መልካም» የሚለውን ተውኩትና ይህን ጻፍኩ፤ ደብተሩን በዓይኔ እንዳየሁ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ምን ምን እንዳለበት። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት፤ ስልኬንም ጨመርኩ። ማኅተም የለውም፤ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ማን ነኝ? ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያለው «እኔ» እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ለስማዳው ልጅ ያለኝ መልስም ከዚህ የራቀ አይደለም። የደሃው እውነት ትንሽ አይደለም፤ ጠያቂ ነው ያጣው። ውሸት የምንጽፍለት ብዙ ጊዜ አዝነንለት ሳይሆን ከሰዓቱን ልንሰጠው ስላልፈለግን ነው። ሥራውን አገኘች ወይ? አላገኘችም፤ ዋስ ጠየቋት፣ ደመወዝተኛ ዋስ የላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፏል። በጦርነት ጊዜ ከሚጠፋው ነገር አንዱ ወረቀት ነው። ማስረጃው የጠፋበት ሰው ሲያጋጥመኝ ያየሁት ምንድን ነው፤ ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል፣ ሦስቱም «አውቀዋለሁ፣ አብሬው ሠርቻለሁ» ብለው በየስማቸው ይቆማሉ። ማኅተም ሲጠፋ ሰው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እነዚያ ሽማግሎች «እኛ» ሲሉ ሦስት ፊት ይታያል።

የጓደኛዬ ደብዳቤ ከሄደ አራት ወር ሆነው፤ መልስ የለም። ደብዳቤ ልኮ መልስ መጠበቅ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ዓመታት ቆይቶ ያመጣውን መዘዝ እናውቃለን። እኔ ግን፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ መልሱ ባይመጣ ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን እረግማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል፤ እንደገና ጻፍልኝ ይላል። ከአመልካቹ ራሱ ደግሞ ስለ ሕይወቱ አንድ ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ «ከሥራህ ምን ተማርክ?» ዓይነት። ልቤ ዘለለች።

«የኔን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አልኩት፤ «በራሴ ስም፣ የማውቀውን ብቻ። መምህሩ ቢፈርም ግን አንብቦ ይፈርም። ያንን አንተ የምትጽፈውን ደግሞ… ያን የሕፃኑን ነገር ጻፈው።»

ዝም አለ። ከስልኩ ወዲያ የጤና ጣቢያው በር ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«መዝገቡንም?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«ታካሚ መጥቷል፤ ማታ እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋው። እስካሁን አልደወለም፤ ኔትወርኩም እንደሆነ በዚያ በኩል አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን አይሠራም። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እስካሁን የጻፍኩበት ስሙንና አብረን የተማርንባቸውን ዓመታት ብቻ ነው።